ለአራት ሰዓት የሚበቃ ዓለም

«ዓለም ካለቀ ወዲያ ያለ ጨዋታ ምረጪልኝ፣
አጥር የሌለበት፣ ሜዳው የማያልቅብኝ፣
ሰውዬውን እኔው የምሠራው፣ ስም የማወጣለት»
ብለህ ጻፍክልኝ፣ ያየህ፣ ትናንት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት።

ይኸው መልሴ። እንጀራዬ አይደል፤ ቤርሳቤህ፣ አውቶቡስ መናኸሪያ፣
ከቁልፍ ቀራጩ ጎን፣ ያገለገለ ዲስክ የታጨቀበት መደርደሪያ።
ስንት ዓለም ሲያልቅ አየሁ፣ አንዱ በሃያ ሸቅል፣ አንዱ በሠላሳ፣
ይኼ በቦምብ፣ ያ በወረርሽኝ፣ ሌላው ሰማዩ ቀለሙን ሲረሳ።

«የአመድ ዘመን»ን ተወው። ሁሉም እሱን ይላል፤ ሥዕሉማ አማረ፣
ግን ሦስት እርምጃ ሳትሄድ «ወዲህ ና፣ እሱን ተኩስ» እያለ አስቸገረ።
ሰፊ መስሎ ጠባብ ነው፣ እንደ ሆስፒታሉ ኮሪደር፤
በሩ ብዙ፣ ያንተ ግን አንድ፣ እሱም በተራ ቁጥር።

«የደረቀ ባሕር» ይሻልሃል። ውሃው ሸሽቶ፣ መርከቦቹ በጎናቸው ተኝተው
መንደር ሆነዋል፤ ዳኞች ይፈርዳሉ መልሕቅ ሥር ችሎት ዘርግተው።
ማንንም ሳትገድል ዳር ትደርሳለህ። እኔ በምላሴ ብቻ ነው የዘለቅኩት፤
መንገድ የዘጋብኝን ሽፍታ እንኳ «እንቆቅልህ» አልኩት።
«ምን አውቅልሽ» አለ። ጠየቅኩት። ቢያስብ ቢያስብ መልሱ ጠፋው፤
«አገር ስጠኝ» ስለው፣ አገር ከየት ያምጣ፣ ግመሉን አስረክቦ አረፈው።

ሰው ስትሠራ ሃያ ነጥብ ይሰጥሃል፤ ጉልበት ላይ አታባክነው፣
እዚያ ሁሉም ጉልበተኛ ነው፤ ጆሮ ላይ ጨምር፣ መስማት ነው የሚያድነው።
ፊቱን ግን እንዳንተ አታድርገው። እኔ አንዴ የራሴን ፊት ሠርቼ
ሦስት ቀን አልቀረብኩም፣ ጅብ ሲበላኝ በገዛ ዓይኔ አይቼ።

ጠብ ቢመጣም በተራ ነው፤ አንዱ መትቶ አንዱን ይጠብቃል፤
ግራ ክንድህ ሁለት መርፌ ተሰክቶበት ከትራሱ እንደማይነሣ ማን ያውቃል፣
ጠላት እንኳ ይታገሥሃል።
ባንድ እጅ ሞከርኩት፣ ግራዬን በሻርፕ ከወንበሩ ጋር አስሬ፤
ደንበኛ ገብቶ «ክንድሽን ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ለዘመድ ነው» አልኩት አፍሬ።

ሦስተኛውን ከፖስታው ሁለት ጊዜ አወጣሁት፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት።
«ሰባት ጉድጓድ» ይባላል፤ የከተማችን ስም መስሎኝ ነው የገዛሁት።
በረሃ ነው። ከስክሪኑ ጥግ አንዲት ሰማያዊ መስመር አለች፣
ካልጠጣህ ቀጠነች፣ አጠረች፣ ጠፋች፤
ያኔ ሰውህ ይወድቃል። ታዲያ ይህን እንዴት ብዬ እልካለሁ
በቀን አንድ ሊትር ለተፈቀደለት፣ በረዶ ሲመጥ፣ ሾርባ በማንኪያ ሲለካ እያየሁ?

ከዚያ ሌሊቱን ተጫወትኩት። አራተኛው ጉድጓድ ስደርስ
ሰውዬው ተንበርክኮ ጠጣ፤ ድምፁ፣ ያየህ! ጉሮሮ ሲርስ፣
ማንም የማይቆጥርበት፣ ማንም ማታ በሚዛን የማይመዝነው፣
ባልዲ ሙሉ፣ ከጢሙ አልፎ ደረቱን የሚያርሰው።

እና ሁለቱንም ልኬልሃለሁ። ነርሷ ሰብሪን እሁድ ጠዋት ትሰጥሃለች፤
«የጎኑ ሽማግሌም ያያል፣ ስክሪኑን ወደሱ ዘንበል ያድርግ» ብላለች።
የ«ሰባት ጉድጓድ» መጨረሻው ምንድን ነው አትበለኝ፤ አልደረስኩም፣
ከስድስተኛው ወዲያ ካርታው ነጭ ነው፤ እኔም አልቸኮልኩም።

ማሽኑ አራት ሰዓት ሙሉ ሦስት ሊትር ካንተ ይቅዳ፤
አንተም እዚያ ውስጥ ቅዳ፣ ጠጣ፣ ለሽማግሌውም ቅዳ።
ዲስኩን ብቻ፣ በሕግ አምላክ፣ እንዳትቀዳ።