ሠላሳ ዘጠኝ ለስምንት

በሐምሌ አጋማሽ፣ ማርቆስ ላይ ሲያካፋ፣
የባንቲገኝ መኪና ገባ ጭስ ሲተፋ፤
ጎማው አዲስ ነው፣ ሠላሳ አምስት ቁጥር፣
እንደ ወይፈን ሻኛ ያበጠ፣ የሚያስፈክር።

«ሞተሩ ሞተብኝ!» አለ ገና ሳይወርድ፤
«በሁለተኛ ማርሽ ጮቄን የሚሄድ
ዛሬ በአንደኛ ቆሞ እንደ ወባ የሚርድ!
ፍሪሲዮኑ ሸተተ፣ ጭሱ ጠቆረብኝ፣
ድንች የጫንሁላቸው ሴቶች ገፉልኝ።»

ይታይህ አልመለሰ።
ጨርቁን ከጫንቃው ስቦ እጁን አበሰ፣
ጎማውን በሲባጎ ዞረና ለካው፤
የሰው ቁመት ያህል ነው ሲባጎ የፈጀው።

«ሞተርህ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ስሌት።
ረጅም እግር ሰጠኸው ያለ በቂ ጉልበት።
ጎማ ሲተልቅ እርምጃው ይረዝማል፣
አንዴ ሲዞር ብዙ መሬት ይጠቀልላል፤
መሬት ያበዛ ሰው ግብሩ ይበዛበታል።»

እኔ ባትሪ ነክሼ ከሆዱ ሥር ገባሁ፣
ዘይቱን አፈሰስሁ፣ ዲፍረንሻሉን አወረድሁ፣
በጣቴ እየዳሰስሁ ጥርሱን ቆጠርሁ፦
ፒኞኑ ዘጠኝ ነው፣
ኮሮናው ሠላሳ ሰባት።
ሠላሳ ሰባትን ለዘጠኝ ስታካፍላት
አራት ትሆናለች፤ ትንሽ ፍርፋሪ አላት።

ይታይህ ድሮ ቅኔ ቤት ነበረ፣
ጉባኤ ቃና ላይ ደርሶ ነው የቀረ፤
ዜማውን ቢረሳም ቁጥሩን አልሻረ።
በካርቶን ጀርባ ላይ በከሰል አሰላ፦
«ጎማህ ከሠላሳ አንድ ሠላሳ አምስት ገባ፤
ጥርሱም በዚያው ልክ ድርሻውን ያግባ።
አራት ተኩል አልፎ፣ አምስት ሳይሞላ፣
እዚያ መሐል ነው የመኪናህ መላ።»

ሁለት ጥንድ አወጣ በዘይት ጨርቅ የታሰረ፦
አርባ አንድ ለዘጠኝ፣
ሠላሳ ዘጠኝ ለስምንት።
«የትኛው ይፈጥናል?» ባንቲገኝ ጠየቀ።
ይታይህ ሳቀና፣ ሳቁ ግን ደረቀ።
«ወዴት ነው የምትፈጥን?
ባሕር ዳር፣ በአስፋልት፣ መስኮት ከፍተህ?
ወይስ ሮብ ገበያ፣ ሃያ ኩንታል ጭነህ?»

ባንቲገኝ ዝም አለ።
ዞሮ የኋላ በሩን ተመለከተ፤
ጭቃው ላይ መዳፍ አለ፣ ጣቱን የከፈተ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስምንት መዳፍ፣ የአራት ሴት እጅ፣
ካፊያው ያላጠበው።
«እውነት ልንገርህ» አለ፣ «ጎማውን የገዛሁ
ሰው እንዲያየኝ ነበር። ሴቶች አስገፋሁ።
ከባዱን ግጠመው።

የኋላውን ብቻ ግን፣ ገንዘብ የለኝ ታዲያ፣
የፊቱ ይቆየኝ እስከ ጥቅምት ገበያ።»

«ፊቱ ሌላ ቢያስብ፣ ኋላው ሌላ ቢያስብ፣
ጭቃ ይችለው ይሆናል፤ ደረቅ ላይ ግን ጠብ!
አንዱ ሲጎትት አንዱ ሲያዘግም
አንድ ቦታ ይሰበራል፤ ባልና ሚስት አይደለም፣
ሽማግሌ አያስታርቀውም።»

የፊቱ በዱቤ፣ በሁለት ኩንታል ድንች ተስማሙ።

ጥርሱን በሰማያዊ ቀለም ቀባነው፣
አዙረን፣ አሻራው የት እንዳረፈ አየነው፤
ጫፉን ሲነክስ ፈታን፣ ሥሩን ሲነክስ ፈታን፣
መሐሉን እስኪይዝ ሁለት ቀን መሸብን።
የፀጉር ያህል ክፍተት ተውንለት በመጨረሻ፤
ያለ ክፍተት ማቀፍ የመሰባበር መነሻ።

እኔ ካርቶኑ ላይ አፍጥጬ ጠየቅሁ፦
«አርባ ለስምንት ቢሆን፣ ልክ አምስት ይመጣ ነበር።
ይሄ ፍርፋሪ ምን ይሠራል?»

«አርባ ለስምንት ቢሆን
ያው ጥርስ ያንኑ ጥርስ ዘወትር ይነክሳል፤
ጉድፍ ያለበትም ጎረቤቱን ይጨርሳል።
የማይካፈል ቁጥር ግን ሁሉን ያዳርሳል፤
ሳይደጋግም ዞሮ፣ ከሁሉ ተዋውቆ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

ሲወጣ መከረው፦ «እስኪላመድ ድረስ ቀስ በል፣ ጭነት ተው።
አስፋልት ላይ ይጮሃል፤ ሚኒባስ ሲቀድምህ ቻለው።»

ሄደ። በሩን አላጠበውም።
ካፊያው አላቆመም፣ ካርቶኑ ርሷል፣
ከሰሉ ፈሶ ስምንቱ ብቻ ቀርቷል።
ከኬላው ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ መኪና ያጓራል፤
ሁለተኛ ማርሽ ነው፣
ከዚህ ይሰማኛል።