አርባ አንድ በመቶ

ኦፕዳልን ስናልፍ አርባ አንድ ነው ያለው።
«እዚህ እንሙላለት፣ ጊዜ አለን» አለኝ ኦድቫር፣ ጎረቤቴ ሽማግሌው።
«አይጠማም» አልኩት።
የጠማው እልሄ ነው።

ሠላሳ አምስት ዓመት የአውቶቡስ ሞተር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ፣
ጥፍሩ ሥር የዘይት ጥቁረት ጡረታ ወጥቶም ያልለቀቀው፣ አብሮት የከረመ፣ አብሮት ያደረ፤
ዛሬ ጠዋት ግን የገዛ ናፍጣ ቮልቮው
በብርዱ አስሎ፣ አስሎ፣
አልነሳም ብሎት የቀረ።
የእህቱ ሰባኛ ልደት ነው። ኬኩን ጭኑ ላይ አድርጎ
መኪናዬ ውስጥ ገባ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣
ሙግቱን ሰንቆ።

«ድምፅ የሌለውን አላምንም» አለኝ፣ ገና ከትሮንድሃይም ሳንወጣ።
«ሞተር ሲያመው ይናገራል። ይሄ ሳያቃስት ይሞታል፤
ሐኪም ምኑን ይዳስሳል?»
«እኛ ቤት» አልኩት፣ «መስኮቱ ከዋሻው አፍ ፊት ለፊት ነው፤
የልጄ የአስም መንፊያ ትራሷ ሥር ነው የሚያድረው።
ጠቤ ከጭስህ ነው እንጂ ካንተ አይደለም።»
ዝም አለ።
ዝምታው ሦስት ድልድይ ፈጀ።

ሠላሳ ሦስት።

ከዚያ እንደ ፈራሁት መጣ፣ በሌላ በር፦
«ይሁን፣ አይጨስም። ባትሪው ግን የየት አገር አፈር ነበር?
ማን ቆፈረው? በስንት ብር?
አባቱ ማን ነው?»
በቅሎዋ ትዝ አለችኝ፤ አባትሽ ማን ነው ሲሏት
ፈረስ አጎቴ ነው ያለችው።
አፌ አያርፍም፣ «ፏፏቴ አጎቱ ነው» አልኩት፣
መብራቱ ከገደል ከሚወርድ ውሃ መሆኑን አስረዝሜ አወራሁለት፣
አባቱን ዘለልኩት።
እውነቱን ለመናገር አባቱን አላውቀውም።
ኮንጎ ይሁን ቺሊ፣ ውሉ ላይ አልተጻፈም።
የተጻፈው የየወሩ ዕዳዬ ነው፤ እሱን አልረሳም።

ዶቭሬ ተራራ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት።
አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስድስት።
ማሞቂያውን አጠፋሁት፣ ጉራዬም አብሮ ጠፋ፤
ኦድቫር ክሬሙ እንዳይደርቅ ደረቱን ኬኩ ላይ ደፋ።
ትንፋሻችን መስታወቱ ላይ ነጭ ሣር አበቀለ።
«ነግሬህ ነበር» አላለኝም።
ይህችን ጨዋነቱን እስካሁን አልከፈልኩትም።

ዶምቦስ ስንደርስ አራት።
ከስድስቱ ቻርጅ ማድረጊያ ሁለቱ ተበላሽተዋል፣
በአራቱ ወረፋ ይዘዋል።
ከፊታችን ያለችው ሴት መንታ ልጆቿን በአንድ ብርድ ልብስ ጠቅልላ
ለሁለቱም አንድ ሙዝ ታካፍላለች።
ከመንገዱ ማዶ አንድ የጭነት መኪና ቆመ፣ ናፍጣ ቀዳ፣
ሾፌሩ ቋሊማ ገዝቶ እየገመጠ ሄደ፤ ስድስት ደቂቃ።
ጭሱ በረዶው ላይ ተጋደመ።
ኦድቫር በዓይኑ ሸኘው፣
ሰው ክፉ ዘመዱን እንደሚሸኝ፦
ሳይጠራው፣ ሳይረግመው።

ተራችን ደርሶ ገመዱን ስሰካ
ጓንቱን አወለቀ፤
መዳፉን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ከድኖ ጠበቀ።
ጆሮውን ጋራዡ በልቶበታል፣ አውቃለሁ፤
ሞተር የሚሰማው በእጁ ነው።
ትርታ ነው የሚፈልገው።
«አለ?» አልኩት።
«የለም።»
እጁን ግን አላነሳም።
መንትዮቹ በመስኮት ያዩታል። ነፋሱ ኮፍያውን ሊነጥቀው ይታገላል።
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ «እንደ ድመት ሆድ» አለ፣
«ትንሽ... ይርገበገባል።»

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።
ገብተን ተቀመጥን። የኬኩን ሳጥን ከፈተ፣
በኪስ ቢላው አንድ ጥግ ቆርሶ ሰጠኝ፣ አንድ ጥግ ለራሱ።
«እህትህ ምን ትላለች?»
ክሬሙን ከጥፍሩ ላሰ፣ ዘይት ካደረበት፣
«መኪናህ ነው የበላው እላታለሁ» አለኝ።