የሰም መዝገብ

የአባቴ እጅ ነው፤ ጽሕፈቱ ወደ ግራ ያጋደለ፣
ቀለሙ ከጥላሸት፣ ከገብስ ቆሎ የበሰለ።
ድጓ ሊገለብጥ ተምሮ፣
የሐጂ ኑርሁሴንን የሰም ሒሳብ ጻፈ፣ በወር ሁለት ብር ተቀጥሮ።

ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት። ጥቅምት። ቅዳሜ ገበያ።
ሰም፣ ፈረሱላው ዐሥራ ስምንት ብር።
ጤፍ፣ ቁናው እንደ አምናው።
ላምባ፣ አንድ ጣሳ፣ ለሐጂ ቤት፤ ዋጋው አፍ ያስይዛል።
ታኅሣሥ። ሰም ዐሥራ ሁለት።
የካቲት። ሰም ሰባት ከሩብ።
ከዚህ በታች ብዕሩ ቆሟል፤ አንድ ጠብታ ቀለም ወርዷል፣
እንደ ሞተ ዝንብ ደርቆ ወረቀቱ ላይ ተኝቷል።

ወሬው የመጣው በመተማ ነው፣ የጭልጋን ዳገት ወጣ፤
ሲራራ ነጋዴው አደም፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ፣
ጃንተከል ዋርካ ሥር ቁጭ ብሎ፣
«ባሕር ማዶ ትልቁ ባንክ ተዘጋ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ።
«ባንክ ምንድን ነው?»
«የብር ጎተራ ነው።»
«ታዲያ ምን ገባበት? ነቀዝ?»
«እንጃ። ነቀዙ ወረቀት ይበላል አሉ፤
ቁልፉን የያዙት ሳይቀሩ ደጁ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።»
«እኛን ምን አገባን!» አሉ ባላምባራስ ደምለው፣ ጢማቸውን እየጠቀለሉ፣
ማሩን ጠጥተው ሰፈፉን የከመሩት፣ ገና ይወደዳል እያሉ።

ብሩ ያው ብር ነው። ሴትዮዋ ያው ናት፤ አንገቷም አልከሳ፤
ፈርጧን በጥፍራችን ቆጠርን፤ ዘጠኝ፤ አንድ አልተነሣ።
ግን ባለሱቁ መዳፉ ላይ ሲያነሣት እንደ ድሮ አልከበደችም፤
አምና ጣቃ አቡጀዲ ያወጣች፣ ዘንድሮ አንድ ልጅ አላለበሰችም።

በዚያው ሰሞን የገዳሪፍ ባለዕዳ፣ ብር ቢያጥረው፣ ለሐጂ ሣጥን ላከ፤
መዘውሩን ቢያዞሩት ዘፈነ፤ ሳቀ ሲሉት አለቀሰ፣ ደከመ ሲሉት ሰበከ።
አዲስ ዓለም አጥሩ ላይ ወጣ፤ ቃዲው ያልሰሙ መሰሉ፤
ከላይ ሠፈር የወረዱት ደብተሮችም «ለማየት ብቻ ነው» አሉ።
አስረበብ፣ የወለቃዋ፣ «ሸክላ ዘፈነ» ሲሏት ሰማች፣
ገበያዋን ጥላ መጣች፤
ጥቁሩን ክብ አንኳኳችው፣ አሸተተችው፣ ወደ ፀሐይ አነሣችው።
«ይኼ ነው ሸክላ? ውሃ ይይዛል?»
«አይይዝም።»
«ስንት ያወጣል?»
«የሁለት በቅሎ ዋጋ።»
«የኔ እንስራ አንድ ቁና ገብስ አጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሟል!»
ሳቅን። አባቴ አልሳቀም፤ ከመዝገቡ ጥግ ጽፎታል፦
ወለቃ። እንስራ፣ አንድ ቁና ገብስ። ገዥ የለም።
ከሰሙ ግርጌ፤ በዚያው ቀለም።

«የኔታ፣ ሰሙ እንዲህ ከረከሰ፣ ወርቁማ የት ሊወድቅ ነው?»
አሉ የቅኔ ተማሪዎች። መምህሩ በዘንግ አባረሯቸው፣
ሳቃቸውን በጋቢ ሸፍነው።

ሐምሌ ገባ። ሰሙ እስከ ጣራው ተከምሯል፤ አይጥ ቀመሰው።
ሐጂ አባቴን ጠሩት። «ላድባራቱ ስጣቸው፤ በዱቤ ይሁን።»
«መቼ ይከፍላሉ?»
«ባንኩ ሲከፈት።»

በዚያ ክረምት ጎንደር ጧፍ በጧፍ ሆነች።
ከኪዳን የሚመለሱ አሮጊቶች ቁራሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።
እኛም ቤት ገባ። እኔ በዚያ ብርሃን ፊደል ለየሁ፤
እናቴ ቀሚሷን ስትጥፍ፣ ጥፉን ሁሉ፣
ከወገቧ እስከ ተረከዟ፣ አንድ ባንድ አየሁ።
ጨለማ ለካ ጨዋ ነበር።

መዝገቡ ነሐሴ ላይ ያልቃል።
ሥላሴ፣ ሁለት ፈረሱላ። ያልተከፈለ።
ደፈጫ ኪዳነ ምሕረት፣ ሁለት ተኩል። ያልተከፈለ።
ጸሐፊው፣ የአራት ወር ደመወዝ። ያልተከፈለ።
ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው፤ አንድ የሰም ጠብታ ብቻ፣
ሳይደርቅ ጣት ያረፈበት።
አውራ ጣቴን ብሞክርበት፣ ጠበበው።