ሣጥን

ዶክተር ኤሶምባ ከያውንዴ መጡ፣
ቅጹን ከዝናብ በላስቲክ ሸፍነው፤
እኔ አስተርጓሚያቸው፣ በቀን አራት ሺህ ፍራንክ
ቃል የማሻግር፣ እንደ ታንኳ ሰው።

የካዴይ ወንዝ ጭቃ ጫማችንን በልቶ፣ በሦስተኛው መንደር
እማማ ናዶዋ ደጇ ላይ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች።
«ጠይቃት» አሉኝ፣ «ክትባቱን ለምን እምቢ እንዳለች።»

ጠየቅኋት። ልጣጩን ከመዳፏ እፍ አለችው፣
ነገሩን ከሩቅ፣ ከወተት ጥርሷ ዘመን ጀመረችው፦

«መንደሩ መሐል ገመድ ተወጠረ፣
ሰዉ በወታደር ፊት እንደ ከብት ተቆጠረ፤
ቁጥራችን ደረታችን ላይ በጠመኔ ተጻፈ፣
አንዱ መርፌ ከዳሌ ወደ ዳሌ አለፈ።
የሸሸ ታሰረ። አባቴ አልሸሸም፤
መንግሥት ጠርቶት አቤት ሳይል አያመሽም።
በሦስተኛው ቀን ዳሌው ጠቆረ፣
በዘጠነኛው እግሩ ብቻውን ተቀበረ፣
መድኃኒቱ በመጣበት ሣጥን።
አጭር ነበር፤ ጉልበቱን አጥፈው አስተኙት።
እኔ ነኝ ክዳኑን የያዝኩት።»

ተረጎምኩ። ሁሉንም፣ ጉልበቱን ሳላስቀር።
ዶክተሩ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።
ክፉ ሰው አይደሉም፤
የገዛ አያታቸው ዳሌ ላይ እንዲህ ያለ ጠባሳ እንደነበር
ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ አጫውተውኛል።
ቅጹን ግን እሳቸው አልጻፉትም። ወረሱት፤
ከአለቃቸው፣ አለቃቸውም ከአለቃቸው፣
ያም ባርኔጣ ደፍተው ከመጡት፤
ማኅተሙ ብቻ ነው አዲስ።

ጥያቄ አሥራ አራት፦ የእምቢታ ምክንያት።
ከሥሩ ሦስት ሣጥን፤
አለማወቅ፣ ርቀት፣ ባህል።
ብዕራቸው ሁለቱን ዘለለ፣
ሦስተኛው ላይ ጥቂት ዋለለ፣
ከዚያ ወረደ።

የጣት ጥፍር የማታህል ሣጥን!
ያ እግር እዚያ ውስጥ እንዴት ገባ?
ጉልበቱን እንደገና አጥፈውት መሆን አለበት።

«ምን ብለው ጻፉ?» አለችኝ።
ባህል የሚለውን በቋንቋችን ፈለግሁ፤
ምላሴ ላይ የመጣው «አባቶች የተዉልን» ነው፤
እሱኑ አቀበልኳት።

«አባቴ የተወልኝን?» ዝም አለች።
«እውነት ጽፈዋል» አለች።
ለዶክተሩ ኦቾሎኒ ሁለት እፍኝ ሰጠች፣
ጨው የለውም ብላ ይቅርታ ጠየቀች፣
መርፌውን ግን
ነገም አልወጋም አለች።