ብርድ ስንሞላ

ከቦሳ ኪቶ ላይ ደመናው ሳይገፈፍ፣
የአባባን ኮሮላ ቦኔቷን ከፍተን፣
ቆመናል ሁለታችን፣ ሞተር ላይ አቀርቅረን፣
እኔና ሙዘይን።
ሦስት ወር ሆኖናል ሰላምታ ካቆምን፣
በዚህችው መኪና፣ በውርስ ተጣልተን።

ጎረቤት ሸምሲያ በአጥር አሻግራ፣
«በጂማ ዝናብ ላይ ኤሲ ምን ሊሠራ?»
ጊቤን ረስታዋለች፣ ያንን የእሳት አገር፤
እናታችን ነገ በዚያ ነው የምትሻገር፤
«ሙቀት ይጎዳታል» ብሏል ሐኪሟ፤ ይብቃ ነገር።

ፊውዙ ደህና ነበር፤ ቺንጋውም አልላላ፤
ጋዙ ነው የሸሸው፣ አሳብሮ በሌላ።
የኦሞ አረፋ በጣሳ በጥብጬ፣
ቱቦውን ቀባሁት፣ በርከክ ብዬ አፍጥጬ።
ከመጋጠሚያው ሥር አንዲት ፊኛ አበጠች፤
እንደ ሕፃን ጉንጭ። ፈነዳች። ደገመች።
የጣት ቀለበት የምታህል ጎሚኒ ናት
ያን ሁሉ በጋ ያፈሰሰች።

ቀየርናት።
ከሐሩን ጋራዥ በተዋስነው ፓምፕ
አየሩን ስናስመጥጥ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ
ያወራው ፓምፑ ብቻ ነው።

ጋዝ መሙላት ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤
አንዱ ጌጁን ያያል፣ አንዱ ነዳጅ ይረግጣል።
ሙዘይን ገባ። መስታወቱን ዘጋ።

«ስጥ!» አልኩት።
«ልስጥ?»
«ትንሽ... በቃ፣ እዚያው ላይ ያዘው።»

ኮምፕሬሰሩ ቀጭ አለ፤
ቱቦው በመዳፌ ውስጥ በረደ፣ ላብ አወጣ።

ሰማዩ ተቀደደ።
ሙዘይን በሩን ገርበብ አድርጎ፣
«ግባ እንጂ! ቶሎ ዝጋው፣ ብርዱ እንዳያመልጥ።»

ገባሁ።
በዝናብ ቀን ብርድ የገዛን ሁለት ሞኞች፣
ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፤
«አጥፋው» ያለ ግን አልነበረም።