የመጨረሻው ዓምድ

ሰባት ዓምድ አለው የትምህርት ዕቅዴ፤
ስድስቱን እሞላለሁ ባጃጅ ላይ፣ በመንገዴ፣
ከፒያሳ ታቦር ሥር እስክደርስ፣ ብዕሬን እያንገጫገጨው ጉድጓዱ፤
የሚያታግለኝ ሰባተኛው ነው፣ «ከቃሉ ጋር ማያያዣ» የሚለው ዓምዱ።

ክፍልፋይ ሳስተምር፦ አምስት እንጀራ፣ ሁለት ዓሣ፤
ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ አንድም እጅ ሳይነሣ።
ዙሪያ ስንለካ፦ የኖኅ መርከብ፣ በክንድ ተባዝቶ፤
አቶ ካያሞ ይፈርምልኛል፣ «ግሩም» ብሎ በአረንጓዴ እስክሪብቶ።

ግሩም ነበር። ሦስት ዓመት።
ቃሉ ከቁጥሩ ጎን ቆሞ፣ እንደ እንግዳ፣ ወንበር ሳይሰጡት።

ያን ሐሙስ ትምህርቱ ክብደት ነበር።
በማለዳ አሞራ ገደል ወረድኩ። አባ ኮዳዎቹ
እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ ፈታኞች መስለው ቆመዋል።
መረብ የሚጠግን ጎረምሳ ሚዛን አዋሰኝ፣
ከአንዱ ጠረጴዛ ላይ የኪሎ ድንጋይ ደርቦ።
ሰባተኛው ዓምድ በአንዴ ሞላ፦ ስለ ሐሰት ሚዛን የተጻፈው።
እንዲህ ልክክ ብሎልኝ አያውቅም።

«ይህ ድንጋይ ስንት ነው?»
«አንድ ኪሎ!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ።
ዳንጊሴ ብቻ ዝም፣ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ጫፍ።
ተነሥታ መጣች። አነሣችው በመዳፏ፣
ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ትልቅ ሰው፤ ቃል ዘገየ ካፏ።
«ዘጠኝ መቶ ነው፣ መምህር።
ኪሎ አይደለም። የእኛ ነው።»

የእኛ ነው።
ከሃምሳ ሁለት ልጅ አንድም አልሳቀ። ጠመኔው በጣቴ መሐል ተሰበረ፤
ቃሉ ተሰናድቶ ከንፈሬ ላይ ነበረ።
ባነብበው ይበቃል። በትክክል ያርፋል፣
በእናቷ አንገት ላይ። ቃልም አያያዙን ካላወቁበት ይቀስፋል።
«ሚዛኑ አርጅቶ ነው» ልበል? ስለ እውነተኛ ሚዛን እያስተማርኩ ልዋሽ?
ዕቅዱ ላይ የለም ይህ፤ ወዴት ልሽሽ?

መሳቢያውን ሳብኩ። የውጤት መዝገቡን አወጣሁ።
«የእኔም ድንጋይ ይጎድላል» አልኳቸው።
«ለአንድ ልጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ አባቱን ስለ ፈራሁ
ዘጠኝ ነጥብ ጨምሬ ጽፌያለሁ።»
በቀይ ሰረዝኩት። እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩ።
ከዚያ ግራምን ወደ ኪሎ መቀየር አስተማርኩ፣ ደወል እስኪደወል፤
ዓምዱ ላይ የነበረውን በላጲስ አጠፋሁት፣ በእርሳስ ነበርና።

ሰኞ እናትየዋ መጣች። ሰላምታ የለም። የዓሣ ሽታና ንዴት፣
በሻርፕ የታሰረ ወገብ፣ ቢላ የላጠው ጣት።
«ልጄን ምንድን ነው ያስተማርካት? ገበያው ሁሉ በዘጠኝ መቶ ሲሸጥ
እኔ ብቻዬን በሺህ ልሽጥ?
ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው፣ አንተ ነህ ወይስ አምላክህ?»
ደረጃው ጋ ስትደርስ ዞረች፤ ድምፅዋ ቀነሰ፦
«እኔም እሑድ እሑድ አለቅሳለሁ እኮ።»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።
ጥያቄዋን እንዳለ ሰባተኛው ዓምድ ላይ ጻፍኩት።
አቶ ካያሞ መነጽሩን አወለቀ፣ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፤
አረንጓዴው እስክሪብቶ ከኪሱ ሳይወጣ፣ ወረቀቱን መለሰው።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወረድኩ።
ዳንጊሴ ቅርፊት ትፍቃለች፤ ቀና አላለችም።
እናቷ አንድ ኪሎ ቆሮሶ መዘነችልኝ።
ድንጋዩ ያው ነው፣ አውቀዋለሁ፤
ብሩን ቆጠርኩ፣ ምንም አላልኩ።
ላስቲኩን ልትቋጥር ስትል ቆም አለች፤
ከሳፋው አንዲት ትንሽ ዓሣ አንሥታ ላዩ ላይ ጣለችና
«ምራቂ» አለች፣ ዓይኗን ሐይቁ ላይ እንደ ተከለች።

መቶ ግራም ትሙላ አትሙላ
አልመዘንኳትም።