የአባቴ እጅጌ

ሞኔግሮስ ነው አገሬ፣ ዝናብ በማንኪያ የሚለካበት፣
ሲዬርሶ የሚሉት ነፋስ የእርሻ ወሰን የማያውቅበት።
እኔ ብላስ ነኝ፤ አባቴ ያስተማረኝን የማልረሳ፣
ባዶ ማሳ በዓመት አራቴ በትራክተር የማስነሳ፣
አረም የማይታይበት፣ እንደ ጠረጴዛ የሚያምር፣
ጎረቤት በመንገድ ሲያልፍ «ይህ ነው እርሻ!» የሚልለት ምድር።

እህቴ ኦሮስያ ግን፣ ከወሰኑ ወዲያ ማዶ፣
ማረሻዋ ከዛገ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጎማው ወርዶ።
ገለባዋን አታነሳ፣ የአጨዳ ቅሪት አታቃጥል፤
ከስንዴው በኋላ ጓያ ትዘራለች፣ «አፈሩን ላብላው» ስትል።
«ሰነፍ!» አልኳት በገበያ፣ ሰው እየሰማ።
ዝም አለች። ዝምታን የወረሰችው ከእማማ።

አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ ከቁም ሣጥኑ ግርጌ
አንድ የጥጥ ሸሚዝ ወጣ፣ የወይን ጠጅ የነካው እጅጌ።
ኦሮስያ መቀስ አንስታ ሁለቱን እጅጌ ቆረጠች፣
«አንዱን ባንተ፣ አንዱን በኔ ማሳ እንቅበር» አለች።
ስንዝር ቆፈርን፣ ቀበርን፤ እንጨት ተከልን ለምልክት፣
ስልሳ ቀን ጠበቅን፤ ዘነበ፦ አንድ ሌሊት፣ እሱም ጥቂት።

የኔን አስቀድመን አወጣን።
እጅጌው እንዳለ ነው፤ ቁልፉ፣ ስፌቱ፣ እጥፋቱ፣
የወይን ጠጁ ነጠብጣብ እንኳ አልደበዘዘም ቅላቱ።
«አየሽ!» አልኩ ደስ ብሎኝ፣ «የኔ አፈር አደራ አይበላም!»
እህቴ አየችኝ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ወደ እሷ ተሻገርን። አካፋው ዳቦ እንደሚቆርስ ቢላ ገባ፤
ከጉድጓዱ ሽታ ወጣ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚያባባ።
እጅጌ የለም።
የስፌቱ ናይሎን ክር፣ የጓያ ሥር ያቀፈው አንድ ቁልፍ፣
ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር፣ ትል ሲጠመዘዝ፣ ሲያልፍ፣
ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱ ባለብዙ እግሮች፣
ጨለማው ውስጥ የሚርመሰመሱ የማሳው ባለቤቶች።

ረሃብ የሌለበት አፈር፣ ነዋሪው የለቀቀው ቤት፤
እኔ ታማኝነት ያልኩት፣ ለካ የሚበላ አፍ ማጣት።
በዓመት አራት ጊዜ ጣራቸውን የገለበጥኩ፣
አቧራ አድርጌ ፈጭቼ ለሲዬርሶ ያስረከብኩ
እኔ።

ይህን አልነገርኳትም። «ጥሩ ሸሚዝ ነበር» አልኳት።

በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ሲል፣
አሜን ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ገለባዬን ለነጋዴ ላቀብል።

ማረሻውን አልሸጥኩትም፣ እውነቱን ለመናገር።
ግን ወሰኑ ዳር፣ አሥር እርምጃ ሳላርስ ተውኩ ዘንድሮ፤
እጅጌ አልባውን ሸሚዝ ቀበርኩበት፣ ደረቱን ከአንገትጌው አብሮ።
ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ደረቁ ላይ ተንበርክኬ፣
ሰው ሲራገም የሚለውን፣
«አፈር ይብላህ» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።